ሲያርፉ የሚብስ ሕመም

«መቼ ጀመረሽ?»

ሐኪሙ ይህን የጠየቀኝ እስክሪብቶውን ካርዴ ላይ አሳርፎ ነው። ከእኔ በፊት የገባችው ሴትዮ «ከጥምቀት ማግስት» ስትል በተገረበበው በር ሰምቼያት ቀንቼባት ነበር። እኔ ግን ቀኑን አላውቀውም። ነገር በልኩ ካልተነገረ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ፤ የተሳሳተ መልስ ከምሰጥ መልስ አጣች ብባል ይሻለኛል። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና «ቆየት ያለ» ብሎ ጻፈ። ዛሬም ቢጠይቀኝ ከእሱ ቃል የተሻለ የለኝም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ ከሕፃናት ጋር ፊደል እቆጥር ነበር። የምቀመጠው ለትንሽ ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አይቀረው። ወገቤን ያጠፋው ያ ዴስክ ነው ብዬ ለዓመታት አምኛለሁ። በኋላ ሳስበው ግን ዴስኩን ሳላውቀውም በፊት፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለው የአባቴ ቤት፣ ጎሕ ሲቀድ ከመደቡ የምነሣው ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ከዚያስ በፊት? እዚያ ላይ ሐሳቤ ይጠፋብኛል።

የሕመሙ ጠባይ ለሰው ለመንገር ያሳፍራል። ሊነጋጋ ሲል ከወገቤ ግርጌ፣ መቀመጫዬ ውስጥ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይነሣና ያባንነኛል። ስነሣ ወገቤ ፀሐይ እንደመታው ጠፍር ደርቆ እንቢ ይለኛል። ውኃ ስቀዳ፣ ደጅ ስጠርግ፣ ወዲያ ወዲህ ስል ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ፀሐይ ከፍ ስትል ደህና ነኝ። ተቀምጬ ካረፈድኩ ግን እንደገና ይደርቅብኛል። ሥራ ሲይዙ የሚለቅ፣ ሲያርፉ የሚይዝ ሕመም አለብኝ ብል የሚያምነኝ ማን ነው? በእኛ አገር የታመመ ሰው ይተኛል። ካልተኛ አልታመመም።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ የሚሰጠኝን ስም እቀበል ነበር። ጎረቤት ብርድ ነው ስትል ብርድ ነው እላለሁ፣ መድኃኒት ቤቱ ኩላሊት ነው ሲል ኩላሊት። እናቴ ጥፋቱን በሙሉ በመጽሐፍ ላይ ጣለችው፤ ተደፍቶ ማንበብ ወገብ ይበላል ትላለች። አንድ ክሊኒክ ዲስክ ነው ብሎ ጠንካራ እንጨት ላይ እንድተኛና እንዳልንቀሳቀስ አዘዘኝ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ተኛሁ። ከዚያ እንጨት ላይ የተነሣሁት ሁለት ሰው አንሥቶኝ ነው።

ሳላስበው ቀለል ያለኝ በስቅለት ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሬ ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ዋልኩ፤ ወድቄ መነሣት፣ ወድቄ መነሣት። መጀመሪያ ላይ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እኩለ ቀን ሲያልፍ ግን ወገቤ ተፍታታ፤ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሲያሰናብተኝ የሌላ ሰው ገላ የለበስኩ መሰለኝ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ጭኑን ይዞ ሲያነክስ እኔ እንደ ወፍ ቀለለኝ። እናቴ ዕንባዋ መጣ፤ ስለቴ ሰመረ አለች። እኔም አመንኩ። ከፋሲካ በኋላ ግን በየዘመዱ ቤት ተቀምጦ መብላት፣ ተቀምጦ መጫወት መጣና ሕመሙ ተመለሰ። ሥጋ በመብላቴ ተቀየመኝ ብዬ እግዜርን ፈራሁ። ተቀምጬ በመዋሌ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እዚያ እስክሪብቶውን ካሳረፈው ሐኪም ዘንድ የደረስኩት። ወጣት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከመጣ ገና ነው። «ቆየት ያለ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፦ ስታርፊ ነው ስትሠሪ የሚብስብሽ? ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሳርፍ ነው አልኩት። ብሽሽቴን፣ ተረከዜን፣ ስተነፍስ ደረቴ ምን ያህል እንደሚከፈት አየ። ራጅ አስነሣኝ። ደሜን ለአንድ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ከዚያ ከቤተሰብ ወገቡን የሚያመው፣ አከርካሪው የደረቀበት ሰው አለ ወይ አለኝ።

የለም አልኩት። ሳልጠራጠር።

ውጤቱ ሲመጣ የፈለገው ዘረመል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው፣ ደሜ ውስጥ ተገኘ። የአከርካሪ ብግነት ነው አለኝ፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፣ ግን እንደ አሮጊቶች ጉልበት ከማለቅ የመጣ አይደለም፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ያመጣው ነው። የወንዶች በሽታ ነው ሲባል ስለኖረ ሴቶቹ ሳይታወቅላቸው ይቆያሉ አለ። ጥያቄ አበዛሁበት። እሱም አልሰለቸም፤ ወንበሩ ላይ እንደማልቀመጥ ስላወቀ እሱም ቆሞ ነው ያስረዳኝ።

የገባኝን እንዲህ አድርጌ ለራሴ አስቀመጥኩት። እያንዳንዱ የሰውነታችን ቅንጣት በውስጡ ካለው ነገር ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ እንደ ጉልት ነጋዴ ደጁ ላይ ይዘረጋል። የሰውነት ጠባቂዎች በደጁ እያለፉ ያያሉ፤ የቤቱ ዕቃ ከሆነ ያልፋሉ፣ የባዕድ ከሆነ ቤቱን ያጠቁታል። የእኔ ዘረመል የሚሠራው ያንን ዕቃ መዘርጊያ ነው። መዘርጊያው ለየት ያለ ስለሆነ ጠባቂዎቹ የራሴን ዕቃ የባዕድ አድርገው ያያሉ የሚሉ አሉ። አይደለም፣ መዘርጊያው ራሱ ሲሠራ ተጣሞ እየታጠፈ ቤቱን ያውካል የሚሉም አሉ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንጀት ውስጥ ተሐዋስያን ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ነው ብዬ ስጠይቀው እርግጡ ገና አልታወቀም አለኝ። አላወቅንም የሚል ሐኪም ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አመንኩት። የማይታወቀው ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የሚታወቀው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ይቆጣል። ሰውነት ቁጣውን ልጠግን ብሎ አጥንት ያበቅልበታል። እየቆየ አንዱ አከርካሪ ከሌላው ይጋጠምና ጀርባ አንድ ዘንግ ይሆናል፤ ጎንብሶ ከደረቀ ጎንብሶ ይቀራል። ክኒን ጻፈልኝ፣ እንቅስቃሴ አሳየኝ፣ ዕድሜ ልክሽን አታቋርጪ አለኝ። በር ላይ ስደርስ ጠርቶ መለሰኝና ዓይንሽ ቀልቶ ብርሃን ከወጋሽ አንድ ቀን እንዳታሳድሪ፣ ሮጠሽ ነይ፣ ያው ሕመም ዓይንም ያጠፋል አለኝ።

የምሠራው እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ ከታሪክ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ኋላ ሰሌን አንጥፌ ያሳየኝን እሠራ ጀመር፤ በእጅና በጉልበት መንበርከክ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ መልሶ ማርገብ፣ በግንባር መደፋት። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በዕድሜ ከእናቴ የማያንሱ ሴት፣ መጥረጊያቸውን ይዘው መጡና ደርቀው ቀሩ። ልነሣ ስል እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀጥይ ቀጥይ አሉኝና በጣታቸው ጫፍ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ድምፃቸውን ቀንሰው «ልጄ፣ እኔንም አንሺኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል በይልኝ» ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ የሒሳብ መምህሩም ለልጁ ፈተና እንዳስብለት ጠየቀኝ። እማማ፣ ጸሎት አይደለም፣ ወገቤን ታምሜ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ታምሜ የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። የጻድቅ ስም ወጣልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው የተባልነው በዚያው ሰሞን ነው። ከቤታችን አራሽ ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው በትጋቱ ነው፤ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ ደጅ ሲንጎራደድ ያድራል፣ ማንም ሳይጠምድ እሱ ይጠምዳል፣ ሰው ጥላ ሥር አረፍ ሲል እሱ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የልጅቷ ቤተሰብም የወደዱት ይህን ሰምተው ነው።

ዘር ቆጠራው በልጅቷ አባት ቤት ሆነ። ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። የእኛን የቆጠሩት የአባቴ አጎት ናቸው፤ መነጽር ሳይፈልጉ የሞተውን ሁሉ የሚያዩ ሽማግሌ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳ ሥር ነበርኩ፤ ወንድሜ በር አጠገብ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ስቦ ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምች ነው ብለው ቅጠል ሲጨምቁበት ከርመዋል።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ስም እየጠሩ፣ ለየስሙ አንድ አንድ ምስክርነት እየጨመሩ።

«ይኸውላችሁ፣ አባቱ ዕድሜ ልኩን ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ያለፈ ሰው። የዚያ እናት፣ ወገቧ እንደ ማጭድ የሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ግንባሯ ደፉን ይነካ ነበር። የሷ አባት ደግሞ ሲሞት አልዘረጋ ብሎ ገናዦቹን ላብ ያጠመቀ፤ በጎኑ አስተኝተው ነው የቀበሩት። ለእግዜር ያጎነበሰ ዘር ነው የኛ።»

የልጅቷ አክስት ከወዲያ ማዶ ተቀበሏቸው። «እኛ ልጃችንን አንገቷን ቀና አድርገን ነው ያሳደግናት። እናንተ ቤት ገብታ እንዳትጎብጥብን።»

«ትለምደዋለች» አሉ ሽማግሌው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅኩም። አባቴ ከፊቴ ቆመ። የደብር ዘማሪ ነበር። አገጩ ደረቱን ሊነካ ይደርሳል፤ ሰው ፊት ለማየት ጉልበቱን ሰበር አድርጎ መላ ገላውን ወደ ኋላ ያዘነብላል። የጨረቃውን ሌሊት በባሕረ ሐሳብ ቁጥር አውጥቶ ሲጨርስ ከልጆቹ አንዳችንን ወደ ደጅ ይልካል፤ «እስቲ ወጥታለች በሉኝ» ይላል። ቀና ብሎ ማየት አይችልማ። ሰው ሁሉ ትሕትናውን ያወራል፤ እኛም በዚያ ኮርተን አድገናል። ሐኪሙ ከቤተሰብ ሰው አለ ወይ ሲለኝ አባቴ ትዝ እንኳ ያላለኝ ለዚህ ነው። የእሱ ጀርባ ለእኔ ሕመም ሆኖ አያውቅም፤ ጠባይ ነበር።

ተነሣሁ። ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩና መልሼ ተነሣሁ። «ይቺን ልጅ ምን ያቁነጠንጣታል?» አለች እናቴ፤ ከልጅቷ ወገን አንዲቱ ደግሞ መጽሐፏን ናፍቃ ነው ብላ አፌዘች። በበሩ ስወጣ በወንድሜ አጠገብ አለፍኩ። የተቀመጠው በአንድ መቀመጫው ነው፤ ቀኙን አሳርፎ በግራው። ትንሽ ቆይቶ ለወጠው።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። መንገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ምን ብዬ? በሰፈራችን አንዲት ልጅ የጠየቁ ሽማግሌዎች አጎቷ የሚጥል በሽታ አለበት መባሉን ሰምተው ሲቀሩ አይቻለሁ። ክፉ የተናገረ አልነበረም። በዘራቸው አለ ተባለ፣ በሹክሹክታ፣ ሰዎቹም አልተመለሱም። ልጅቷ ዛሬም እናቷ ቤት ናት። በዚያ ላይ ልኩን መናገር የምወድ ሰው ልኩ ራሱ አስቸገረኝ። ዘረመሉን ልጅ ሊወርሰውም ላይወርሰውም ይችላል። ከወረሱትም አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያማቸው ይኖራሉ። ሁለቱ እህቶቼ ጀርባቸው እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ነው። ምናልባት ወንድሜ ደክሞት ይሆናል። ምናልባት ዓይኑ የእውነት ምች ነው። ስልክ አነሣና መልሼ አስቀምጣለሁ። ዓይኑ በጸበል ዳነ ብለው ሲደውሉልኝ ተመስገን አልኩ፤ ተመስገን ማለቴ ግን አላሳረፈኝም። ቅላቱ በሄደ ቁጥር ነገሩ መንገር የማያሻው ይመስላል፣ በተመለሰ ቁጥር ግን ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። አከርካሪም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከተጋጠመ ክኒን አያላቅቀውም።

ሠርጉ ሲቃረብ ወንድሜ የሙሽራ ልብስ ሊገዛ ደብረ ማርቆስ መጣና እኔ ዘንድ አደረ። አልጋዬን ልልቀቅለት ስል እንቢ አለ፤ ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፍንለትና በመካከላችን መጋረጃ ሳብኩ። ሊነጋጋ ሲል እንደ ልማዴ ነቃሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ አለ። በጎን መዞር። ዝም። ክርኑን ማስደገፍ። ዝም። ከዚያ መዳፍ ከጭን ጋር ሲገናኝ፤ በገዛ ጭኑ ላይ እጁን እያፈራረቀ እንደ መሰላል ሲወጣ። አልጋው ላይ እንዳለሁ የሚቀጥለውን ሁሉ አስቀድሜ አውቀው ነበር። ግድግዳውን ያዘ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ፤ አሁን የቀላው ቀኙ ነው፣ ውኃ ያዘንባል።

«ዓይንህ መቼ ተመለሰ?»

«ትላንት በመኪና ስመጣ አቧራ ገባበት።»

«ወገብህስ?»

«ማሳ የሚውል ሰው ወገቡን አያመውም እንዴ፣ እታለም?»

«ማሳ ስትውል ይተውሃል። ስትተኛ ነው የሚመጣው።»

በደህናው ዓይኑ አየኝ። «ማን ነገረሽ?»

«እኔም አለብኝ» አልኩት።

ይህችን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ከሐኪሙ በቀር የሰማት የለም፤ እሱም ነግሮኝ እንጂ ነግሬው አይደለም። አንዴ ከወጣች በኋላ ሌላው ተከትሏት መጣ። ስለ ደሙ፣ ስለ ራጁ፣ ስለ ጉልት ነጋዴውና ስለ ጠባቂዎቹ ቆሜ ነገርኩት፤ እሱም ቆሞ ሰማኝ። አባታችን ጋ ስደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«አባባ ትሑት አልነበረም፣ በሽተኛ ነበር ልትይኝ ነው?»

«ትሑትም ነበር፣ ታሞም ነበር። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።»

ሻይ ጣድኩ፤ ጠጣነው ወይም ጠጣሁት፣ ልብ አላልኩም። ድንኳን ተከራይተናል፣ በሬው ተገዝቷል አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

«ለነሱ ማን ሊነግር ነው?»

«ለልጅቷ አንተ። ካቃተህ እኔ እነግራታለሁ። ግን ልኩን ነው የምትነግራት፤ ልጆቻችሁ ሊወርሱትም ላይወርሱትም ይችላሉ፣ ቢወርሱትም ላያማቸው ይችላል።»

«ይሄን ሁሉ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ለሽማግሌ እንዴት ብዬ ላስረዳ?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ከደሜ አጥፊልኝ ብልሽ ማጥፋት አትችይም፣ አይደል?»

«አልችልም። ዓይንህን ግን ዛሬ ያዩልሃል።»

ባጃጅ አልያዝንም፤ በእግራችን ሄድን፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ እኔ ክንዱን ይዤ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚው ገና ባዶ ነበር። ካርድ አውጥተን ከአጠገቡ ቆምን። አንዲት እናት ደክመው መጥተው ተቀመጡና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ አሳዩን። «ኑ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ። ሁለታችንም በአንድ ድምፅ መቆም ይሻለናል አልናቸው። አዩን፣ መላልሰው አዩን፣ እህትና ወንድም ናችሁ መሰለኝ አሉ።

ወንድሜ ለልጅቷ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ራቅ አለ። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ከትከሻው ቁልቁል መጉበጥ መጀመሩን ያኔ ነው ያየሁት። ቃሉን በሙሉ አልሰማሁም። ልብሱን ዛሬ አልገዛም ሲል ሰማሁ፣ አይ አልተጣላንም ሲል፣ ከዚያ «የአባቴ ነው፤ ስትመጪ ሁሉንም እነግርሻለሁ» ሲል። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ ይዞት ቆየ።

ተጠራን። የዓይን ሐኪሟ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብዙ አየችው። ከዚያ የመሣሪያውን መብራት አጥፍታ ካርዱን ሳበች፣ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«መቼ ጀመረህ?» አለችው።

ወንድሜ ዞሮ እኔን አየ።